የጥፍር ፈንገስ፦ ክሬም፣ የሚቀባ ቀለም ወይስ ኪኒን? ከመግዛትዎ በፊት የሚያመዛዝኑት

«ለጥፍር ፈንገስ ጥሩ ክሬም አላችሁ?» ፋርማሲ ባንኮኒ ላይ ለምንቆም ሰዎች ይህ ጥያቄ ክረምት ከበጋ አይቋረጥም። ባሕር ዳር ላይ ቢበዛም አይገርምም። ከተማው ይሞቃል፣ ሐይቁ ቅርብ ነው፣ እግሩ ወይ ከውኃ ወይ ከተዘጋ ጫማ የማይወጣ ሰው ብዙ ነው፦ ጣና ላይ የሚውለው ዓሣ አስጋሪ፣ ውኃ ውስጥ ቆሞ እምቦጭ የሚነቅለው ገበሬ፣ የፎገራው ሩዝ አምራች፣ ሌሊቱን ሙሉ ቦቲ ሳያወልቅ የሚያድረው የጥበቃ ሠራተኛ፣ ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ ዓሣ ስታጸዳ እጇ ሳይደርቅ የሚመሽባት እናት።

ጥያቄው ግን ሁለት ነገር አስቀድሞ የወሰነ ነው፦ ጥፍሩ ላይ ያለው ፈንገስ ነው፣ መድኃኒቱም ክሬም ነው። ሁለቱም ብዙ ጊዜ ልክ አይደሉም። ተበላሽተው ከሚታዩ ጥፍሮች መካከል ፈንገስ የሚገኝባቸው ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው። እውነትም ፈንገስ ቢሆን ደግሞ ተራ ክሬም ጥፍር ሰርጎ አይገባም። በዚህ መሀል ሰዎች ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት፣ ቱቦ በቱቦ ላይ ይገዛሉ። በየጊዜው የወጣው ትንሽ ትንሽ ብር ሲደመር የምርመራውንና የትክክለኛውን ኪኒን ዋጋ አልፎ ይሄዳል። ይህ በጣም ያሳስበኛል፤ ገንዘቡን የሚያጡት አብዛኛውን ጊዜ የሌላቸው ሰዎች ናቸውና።

እዚህ ላይ የማንንም የፈንገስ መድኃኒት የንግድ ስም አላነሳም። የምጽፈው የመድኃኒቱን የራሱን ስም ነው፤ ማሸጊያው ላይ ከትልቁ የንግድ ስም ሥር በትንሹ ታትሞ የሚገኘውን። ሲገዙ እሱን ያንብቡ።

## መጀመሪያ፦ ፈንገስ ነው ወይ?

የጥፍር ፈንገስ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከእግር አውራ ጣት ነው፤ ከጥፍሩ ጫፍ ወይም ከጎኑ። ቢጫ ወይም ነጣ ያለ ምልክት ይወጣና ቀስ እያለ ወደ ሥሩ ይገፋል። ጥፍሩ ይወፍራል፣ ይፈረፈራል፣ ከሥጋው ይላቀቃል፤ በመሀሉ ደረቅ ብናኝ ይጠራቀማል። በጣቶች መሀል፣ በተለይ በትንሿና በጎረቤቷ መካከል፣ የሚያሳክክና የሚላላጥ የረጠበ ቆዳ ካለ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ጥፍሩን የሚይዘው ፈንገስ አብዛኛውን ጊዜ የሚሻገረው ከዚያ ነው። ዋናው ተጠያቂ ትራይኮፋይተን ሩብረም የሚባለው ዝርያ ሲሆን ቆዳንና ጥፍርን የሠራውን ኬራቲን የተባለ ፕሮቲን እየበላ ይኖራል። እጃቸው ከውኃ በማይወጣ ሰዎች የእጅ ጥፍር ላይ ግን ካንዲዳ የሚባለው ሌላ ዓይነት ይበረታል። ይህ ልዩነት መድኃኒቱን ይለውጠዋል።

የሚመሳሰሉትን ደግሞ እንይ።

ጠባብ ጫማ፣ ኳስ ጨዋታ፣ ሩጫ። ጥፍር ተመቶ ወይም ለረጅም ጊዜ ተጭኖ ሲቆይ ይወፍራል፣ ይጠቁራል፣ ይላቀቃል። አንድ አውራ ጣት ብቻ ከሆነና ቆዳው ንጹሕ ከሆነ መጀመሪያ ጫማውን ይጠርጥሩ።

ሶራያሲስ የሚባለው የቆዳ ሕመም። የእጅ ጥፍር ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስሉ ጥቃቅን ጉድጓዶች፣ ክርን ላይ፣ ጉልበት ላይ ወይም ራስ ቆዳ ላይ ቅርፊት ያለው ሽፍታ ካለ ነገሩ ሌላ ነው። የፈንገስ መድኃኒት ቢውጡ ለውጥ አያገኙም።

ሙጀሌ። ገጠር ውሎ ለመጣ ሰው ከጥፍር ጎን ወይም ከሥሩ የሚያሳክክና የሚያም እብጠት፣ መሀሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ያለው፣ ሙጀሌ ነው። በቀናት ውስጥ ብቅ ይላል፤ ፈንገስ ግን ወራት ይፈልጋል።

አረንጓዴ ጥፍር። ከተላቀቀ ጥፍር ሥር ውኃ ሲቋጠር የሚራባ ባክቴሪያ የሚያመጣው ቀለም ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ቆም ልበል። ቆዳችን ጠቆር ያለ ሰዎች በብዙ ጥፍሮቻችን ላይ ከሥር እስከ ጫፍ የሚሄድ ቡናማ መስመር መኖሩ የተለመደ ነው፤ ጉዳት የለውም። በአንድ ጥፍር ላይ ብቻ አዲስ የወጣ፣ እየሰፋ የሚሄድ፣ ወይም በጥፍሩ ዙሪያ ያለውን ቆዳ ጭምር ያጠቆረ መስመር ግን የቆዳ ካንሰር ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ማንም ፋርማሲ እንዲያክመው አይፍቀዱ። ዛሬ ነገ ሳይሉ የቆዳ ሐኪም ያሳዩት።

### ምርመራው እንዴት ነው?

ቀላል ነው፤ ሕመምም የለውም። ባለሙያው ጥፍሩን በአልኮል ያጸዳል፣ የተላቀቀውን ጫፍ ይቆርጣል፣ ከዚያ በትንሽ ምላጭ ወይም በመፋቂያ ከጥፍሩ ሥር ያለውን ብናኝ ይፍቃል። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፦ ጥሩ ናሙና የሚገኘው ከጫፉ ሳይሆን የታመመው ክፍል ከጤነኛው ጋር ከሚገናኝበት ቦታ ነው፤ በሕይወት ያለው ፈንገስ እዚያ ነው ያለው። ብናኙ መስታወት ላይ ተደርጎ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ይጨመርበታል። ፈሳሹ ኬራቲኑን አሟሙቶ ፈንገሱን ይተወዋል፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቅርንጫፍ ያወጡ ቀጫጭን ክሮች ይመስላል። ውጤቱ በዚያው ቀን ይደርሳል። ዝርያውን ለመለየት የሚደረገው ካልቸር (ናሙናውን ላብራቶሪ ውስጥ ማሳደግ) ግን ሳምንታት ይወስዳል።

ላብራቶሪ ከመሄድዎ በፊት የጥፍር ቀለም ያስለቅቁ፤ ሲቀቡት የቆዩት የፈንገስ ክሬም ካለም ቢያንስ ሁለት ሳምንት ያቁሙ። አለበለዚያ ፈንገስ እያለ «የለም» የሚል ውጤት ሊመጣ ይችላል። ናሙናው በትክክል ቢወሰድም ምርመራው አንዳንዴ ይስታል፤ ምልክቱ ጠንካራ ከሆነ መድገም ተገቢ ነው።

የማኅበረሰብ ጤና መድኅን አባል ከሆኑ ከጤና ጣቢያዎ ይጀምሩ። ሪፈር ተጽፎልዎት ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሲሄዱና በቀጥታ ሲሄዱ ሽፋኑ እኩል ላይሆን ይችላል።

## በምን እንመዝን?

እኔ አማራጮቹን የማመዛዝነው በአምስት ነገር ነው።

የመጀመሪያው የተያዘው መጠን ነው። ከጥፍሩ ግማሽ በታች፣ ከጫፉ በኩል፣ አንድ ወይም ሁለት ጣት ከሆነ አንድ መንገድ አለ። ሥሩ ድረስ፣ ነጩ ግማሽ ጨረቃ ጋ ከደረሰ ወይም ብዙ ጣት ከሆነ ሌላ ነው። ሁለተኛው የመዳን ዕድል ነው፤ ፈንገሱ መጥፋቱና ጥፍሩ ሙሉ በሙሉ መጥራቱ ለየብቻ የሚለኩ ነገሮች ስለሆኑ ሁለተኛው ቁጥር ሁልጊዜ ያንሳል። ሦስተኛው የእርስዎ ጤና ነው፦ ጉበት፣ ልብ፣ እርግዝና፣ የሚወስዷቸው ሌሎች መድኃኒቶች። አራተኛው ክትትል ነው። ከደቅ ደሴት በጀልባ የሚመጣ ሰውና ከተማው ውስጥ ቀበሌ 14 የሚኖር ሰው በየወሩ ለመመላለስ እኩል አይችሉም።

አምስተኛው ዋጋ ነው፤ የአንዱ ሳይሆን የሙሉው። የብር መጠን እዚህ አልጽፍም፤ ከወር ወር ይለዋወጣል። በምትኩ የፍሬ ብዛት እሰጥዎታለሁ። ፋርማሲው የነገረዎትን የአንዱን ፍሬ ዋጋ በብዛቱ ያባዙና ከዚያ ያወዳድሩ። ግማሽ መንገድ ላይ ብር አልቆ የሚቋረጥ ሕክምና ካልተጀመረው ይከፋል፤ ገንዘቡም ይሄዳል፣ ፈንገሱም ይቀራል።

## አማራጮቹ አንድ በአንድ

ክሬም። ክሎትሪማዞል፣ ሚኮናዞል፣ ኬቶኮናዞል፣ ዊትፊልድ። ለቆዳ ጥሩ ናቸው። በጣቶች መሀል ያለውን መላላጥ በክሎትሪማዞል ቀን ሁለት ጊዜ እስከ አራት ሳምንት ማከም የጥፍሩ ሕክምና አካል ነው፤ ካልታከመ ጥፍሩን መልሶ ይይዘዋል። ለጥፍሩ ለራሱ ግን አይበቁም። ቤታሜታዞን ወይም ሌላ ስቴሮይድ የተቀላቀለባቸውን ክሬሞች ደግሞ ጨርሶ አልመክርም። ማሳከኩን በሁለት ቀን ጸጥ ስለሚያደርጉ ሰው ይወዳቸዋል፤ ፈንገሱ ግን ከሥር ይስፋፋል፣ መልኩንም ቀይሮ ለሐኪም ያስቸግራል።

የሚቀባ ቀለም። እንደ ጥፍር ቀለም በብሩሽ የሚቀባ፣ ደርቆ ጥፍሩ ላይ የሚቆይ መድኃኒት ነው። ሁለት ዓይነት በብዛት ይታወቃል፦ አሞሮልፊን 5 በመቶ፣ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ ለእግር ከ9 እስከ 12 ወር፤ ሲክሎፒሮክስ 8 በመቶ፣ በየቀኑ፣ ለ48 ሳምንት። ደም ውስጥ አይገባም ለማለት ስለሚቻል ለጉበት አያሰጋም፤ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው። ብቻውን የመፈወስ ኃይሉ ግን ዝቅተኛ ነው። ሲክሎፒሮክስ በአሜሪካ ሲፈቀድ በቀረቡት ሁለት ጥናቶች ጥፍራቸው ሙሉ በሙሉ የጠራላቸው ከመቶ 9 እንኳ አይሞሉም ነበር።

ስለዚህ የሚጠቅመው ገና ለጀመረ፣ ጫፍ ላይ ላለና ላልወፈረ ጥፍር ነው፤ ወይም የጥፍሩን የላይኛውን ገጽ ብቻ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት ለሚያስመስለው ዓይነት። አቀባቡም ይወስናል። መጀመሪያ የተላቀቀው ሁሉ ይቆረጣል፤ ቀሪው በሞረድ ይሳሳል፤ ገጹ በአልኮል ይጸዳል፤ ሲደርቅ ይቀባል። ሳይሞርዱ መቀባት መድኃኒቱን በወፍራም ጥፍር አናት ላይ ማድረቅ ብቻ ነው። ያ ሞረድ ጤነኛ ጥፍር እንዳይነካ። ከመጀመርዎ በፊት ደግሞ መድኃኒቱን ዓመቱን ሙሉ ሳይቋረጥ ማግኘት መቻልዎን ሻጩን ይጠይቁ።

ተርቢናፊን ኪኒን። ብዙ ጣት ለተያዘበት ወይም ሥሩ ድረስ ለደረሰበት አዋቂ፣ ሌላ ከልካይ ከሌለ፣ የመጀመሪያ ምርጫዬ ይህ ነው። አወሳሰዱ ግልጽ ነው፦ 250 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ፣ ለእጅ ጥፍር 6 ሳምንት፣ ለእግር 12 ሳምንት። ለእግር 84 ፍሬ ማለት ነው። ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይወሰዳል፤ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ለሚጾም ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በውጤትም ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣ፣ በስድስት የአውሮፓ አገሮች በተደረገ ጥናት 12 ሳምንት ተርቢናፊን ከወሰዱት ውስጥ በ72ኛው ሳምንት ከፈንገሱ የጸዱት 76 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ ለእኩል ጊዜ በወር አንድ ሳምንት ኢትራኮናዞል የወሰዱት ግን 38 በመቶ ገደማ ነበሩ። ጥፍሩ እንደ ቀድሞው ሙሉ በሙሉ የሚጠራለት ሰው ቁጥር ከዚህ ያንሳል፤ በአሜሪካ የመድኃኒቱ መግለጫ ላይ 38 በመቶ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ተስፋ ለማስቆረጥ ሳይሆን ሦስት ወር ታግሠው ሲጨርሱ እንዳያዝኑ ነው።

ጥንቃቄው ጉበት ላይ ነው። ሄፓታይተስ ያለበት ወይም ጉበቱ የታመመ ሰው አይወስደውም። ሳይጀመር የጉበት ምርመራ በደም ይታያል፤ ብዙ ሰው የጉበት ቫይረስ እንዳለበት ሳያውቅ ስለሚኖር ይህን ምርመራ መዝለል አይገባም። በመሀል ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት ከጠቆረ፣ የማይለቅ ማቅለሽለሽ ወይም ድካም ከመጣ ኪኒኑን አቁሞ በዚያው ቀን ሐኪም ማየት ነው። አንዳንድ ሰው የምግብ ጣዕም ይጠፋበታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል፣ ግን ወራት ሊወስድ ይችላል። ኩላሊቱ የደከመ ሰውም ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር። የቲቢ መድኃኒት ውስጥ ያለው ሪፋምፒሲን ተርቢናፊንን ከሰውነት ቶሎ ያስወጣዋል። አሚትሪፕቲሊን ወይም ሜቶፕሮሎል የሚወስዱ ከሆነም ይናገሩ፤ መጠናቸው በደም ውስጥ ሊጨምር ይችላል።

ኢትራኮናዞል። ካንዲዳ ሲሆን ከተርቢናፊን የተሻለ ነው፤ እጃቸው ውኃ ውስጥ ለሚውል ሰዎች የእጅ ጥፍር የሚታሰበው ለዚህ ነው። በወር ለአንድ ሳምንት ብቻ ይወሰዳል፦ 200 ሚሊ ግራም ጧትና ማታ፣ ከዚያ ሦስት ሳምንት እረፍት። ለእጅ ሁለት ዙር፣ ለእግር ሦስት ዙር። ባለ 100 ሚሊ ግራሙ ካፕሱል ሲቆጠር ለእግር እንደ ተርቢናፊኑ 84 ፍሬ ይሆናል። እንግዲህ የአንዱን ፍሬ ዋጋ ብቻ ያወዳድሩ፤ ልዩነቱ ወዲያው ይታይዎታል።

ካፕሱሉ የሚሠራው የጨጓራ አሲድ ሲኖርና ሙሉ ምግብ ሲበላ ነው። አሲዱን የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል አዘውትሮ የሚወስድ ሰው ገንዘቡን ያባክናል። በጾም የሚወሰድ ከሆነም ዙሩን ከጾሙ ውጪ ባለ ሳምንት ላይ ማድረግ ይቀላል። የልብ ድካም ላለበት ሰው ለጥፍር ፈንገስ ፈጽሞ አይሰጥም። ሲምቫስታቲን ከመሰሉ የኮሌስትሮል መድኃኒቶችና ከሌሎች ብዙዎች ጋር ይጋጫል፤ ሪፋምፒሲንና አንዳንድ የኤችአይቪ መድኃኒቶች ደግሞ ኃይሉን ያሳጡታል። ባሕር ዳር ዙሪያ ወባ አይጠፋምና ይህንም ልጨምር፦ ኢትራኮናዞል ወይም ፍሉኮናዞል ላይ ሆነው ወባ ከያዘዎት የወባ መድኃኒቱን ኮአርተም ከመጀመርዎ በፊት ለሐኪሙ ይንገሩ። አብረው ሲወሰዱ የልብ ምትን ሊያዛቡ ይችላሉ።

ፍሉኮናዞል። ባለ 150 ሚሊ ግራሙ በሳምንት አንዴ፣ ጥፍሩ እስኪተካ ድረስ፤ ለእግር ከ6 እስከ 12 ወር። ዓመት ከሄደ 52 ፍሬ ነው። ከሁለቱ በውጤት ያንሳል፤ ነገር ግን ሌሎቹን መውሰድ ለማይችል ሰው በር ይከፍታል፣ ካንዲዳም ላይ ይሠራል። ለሴቶች ሌላ ሕመም አንዷ ፍሬ ብቻዋን ስለምትታዘዝ «አንዷን ዋጥኩ፣ አልሠራችም» የሚል ሰው ይመጣል። ለጥፍር አንድ ፍሬ ምንም አይደለችም። ሳምንቱ እንዳይረሳ ከገበያ ቀን ወይም ከሰንበት ጋር ያያይዙት።

ግሪሴዮፉልቪን። ለልጆች የራስ ቆዳ ፈንገስ አሁንም ጥሩ ነው፤ ለአዋቂ የእግር ጥፍር ግን ጊዜው አልፎበታል። ከ12 እስከ 18 ወር በየቀኑ ይወሰዳል። በቀን አንድ ባለ 500 ሚሊ ግራም ብንቆጥር እንኳ ከ360 ፍሬ በላይ ነው። የአንዱ ፍሬ ርካሽነት ያታልላል፤ ሲባዛ ይታያል። ካንዲዳ ላይ አይሠራም። ቅባት ካለው ምግብ ጋር መወሰድ አለበት፤ በጾም ዘይት ያለው ወጥ ይበቃል። የእርግዝና መከላከያ ኪኒንን ያዳክማል፤ ጠላም አረቄም ከእሱ ጋር አይስማሙም። እርጉዝ አትወስደውም፤ ወንድም ቢሆን ከጨረሰ በኋላ ስድስት ወር ልጅ መውለድ የለበትም።

ኬቶኮናዞል ኪኒን። አይግዙ። እ.ኤ.አ. በ2013 የአውሮፓና የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪዎች በጉበት ላይ በሚያደርሰው ከባድ ጉዳት ምክንያት ለቆዳና ለጥፍር ፈንገስ እንዳይታዘዝ አስጠንቅቀዋል። ክሬሙና ሻምፖው ላይ ይህ ስጋት የለም።

ዩሪያ 40 በመቶ። ወፍራሙን ጥፍር አለስልሶ ያለ ቢላ የሚያነሳ ቅባት ነው። ዙሪያውን ያለውን ቆዳ በቫዝሊን ወይም በፕላስተር ሸፍኖ ማታ ተቀብቶ ይታሰራል፤ ከቀናት በኋላ የለሰለሰው ይፋቃል። ፈንገሱን አይገድልም፤ ለሌላው መድኃኒት መንገድ ይጠርጋል፣ ጫማ ሲያደርጉ የሚያመውንም ያቀላል። ጥፍርን በመርፌ አደንዝዞ መንቀል ብቻውን መፍትሔ አይደለም፤ ፈንገሱ ካልታከመ አዲሱ ጥፍርም ይያዛል። ሌዘር ውድ ነው፣ ማስረጃው ደካማ ነው፤ ባለዎት ብር ኪኒኑን ይጨርሱበት።

የቤት ውስጥ ነገሮች። ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አቼቶ፣ በረኪና። በረኪናና ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ቆዳ ያቃጥላሉ፤ የስኳር ሕመምተኛ እግር ላይ እንዲህ ያለ ቁስል እግር እስከማስቆረጥ ሊደርስ ይችላል። እንሶስላ ግን የእናቶቻችን ነው፤ ከጌጥነቱ አልፎ ለእግር ቆዳ መላላጥ ሲቀባ ኖሯል። ቆዳቸው እንዲጠነክር የሚቀቡትን አልቃወምም። የጥፍርን ፈንገስ ከሥሩ እንደሚያጠፋ የሚያሳይ ማስረጃ ግን የለም፤ ቀለሙም ጥፍሩ ላይ ያለውን ለውጥ ስለሚሸፍን ምርመራው እስኪያልቅ ይተዉት።

ምንም አለማድረግ። ይህም አማራጭ ነው፤ ሐኪሞችም ያውቁታል። ጤነኛ ለሆነ፣ ሕመም ለሌለው፣ አንድ ጥፍሩ ጫፉ ላይ ብቻ ቢጫ ለሆነበት ሰው ጥፍሩን አሳጥሮ፣ ቆዳውን በክሬም አክሞ፣ እግሩን እያደረቀ መቆየት ነውር የለውም። በራሱ ግን አይድንም፤ ሊስፋፋም ይችላል።

## በአንድ እይታ (ለእግር ጥፍር)

| አማራጭ | ጊዜ | ሙሉው ብዛት | ጥንካሬ | የማይሆንለት |
|---|---|---|---|---|
| ተራ ክሬም | 4 ሳምንት | 1–2 ቱቦ | ለቆዳ ጥሩ፣ ለጥፍር አይበቃም | – |
| የሚቀባ ቀለም | 9–12 ወር | እንደ ጥፍሩ ብዛት | ዝቅተኛ፤ ገና ለጀመረ | ሥሩ የተያዘ፣ በጣም የወፈረ |
| ተርቢናፊን | 12 ሳምንት | 84 ፍሬ | ከሁሉ የተሻለ | የጉበት ሕመም፣ ከባድ የኩላሊት ድካም፣ እርጉዝ፣ የምታጠባ |
| ኢትራኮናዞል | 3 ዙር በ3 ወር | 84 ካፕሱል | መካከለኛ፤ ለካንዲዳ ጥሩ | የልብ ድካም፣ የጉበት ሕመም፣ እርጉዝ |
| ፍሉኮናዞል | 6–12 ወር | 26–52 ፍሬ | መካከለኛ ወደ ዝቅተኛ | እርጉዝ፣ ብዙ መድኃኒት የሚወስድ |
| ግሪሴዮፉልቪን | 12–18 ወር | ከ360 በላይ | ዝቅተኛ | እርጉዝ፣ የጉበት ሕመም |
| ዩሪያ 40 በመቶ | ሳምንታት | 1–2 ቱቦ | አጋዥ ብቻ | የቆሰለ እግር |

## ለማን የቱ?

ብር አጥሮት ብዙ ጥፍር የተያዘበት ጤነኛ አዋቂ፦ ብሩን ለሁለት ነገር ያቆየው፣ ለፍቅፋቂው ምርመራና ለ84ቱ ተርቢናፊን ከጉበት ምርመራው ጋር። እስኪሞላለት ክሬም በክሬም ላይ አይግዛ፤ ጥፍር ፈንገስ አንድ ሁለት ወር ቢቆይ የሚያመጣው ልዩነት ትንሽ ነው።

የስኳር ሕመምተኛ፦ ለእርስዎ «ምንም አለማድረግ» አማራጭ አይደለም። የወፈረ ጥፍር ሥጋውን ሲጫን አይሰማዎትም ይሆናል፤ የተሰነጠቀው ቆዳ የባክቴሪያ መግቢያ ነው። ራስዎ በምላጭ አይቁረጡት። በሚቀጥለው የስኳር ቀጠሮዎ ጫማና ካልሲዎን አውልቀው ያሳዩ፤ ካልተጠየቁም ራስዎ ያንሱት።

እጅዋ ከውኃ የማይወጣ ሴት፣ የጥፍሯ ዙሪያ እብጥ ብሎ የቀላ፦ መጀመሪያ የሚያድናት ድርቀት ነው። ቀጭን የጥጥ ጓንት ከውስጥ፣ የላስቲክ ጓንት ከላይ፤ ሥራ ሲያልቅ ማድረቅ፤ የጥፍሩን ሥር ቆዳ አለመግፋት። ናሙናው ካንዲዳ ካሳየ ኢትራኮናዞል ወይም ፍሉኮናዞል።

እርጉዝ ወይም የምታጠባ እናት፦ ኪኒኑ ሁሉ ይቆይ። ለጣቶች መሀል ክሎትሪማዞል ይበቃል፤ ጥፍሩ ይጠብቃል።

ቲቢ እየታከመ ያለ፦ መጀመሪያ ያንን ይጨርስ። የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ የሚወስዳቸውን ዝርዝር ሳይዝ የፈንገስ ኪኒን አይጀምር። ፈንገሱ ከጫፍ ሳይሆን ከጥፍሩ ሥር በነጭነት የጀመረለት ሰው ራሱን ባያውቅ የኤችአይቪ ምርመራ ማድረጉ ይመከራል፤ ያ መልክ የሰውነት መከላከያ ሲዳከም የሚታይ ነው።

አረጋዊ፣ የልብ ድካም ያለባቸው፣ ብዙ ኪኒን የሚወስዱ፦ ዩሪያ፣ መቁረጥ፣ ሰፊ ጫማ። አባትዎ ጥፍራቸው እንዲያምር አይፈልጉም፤ ጫማቸው እንዳያማቸው ነው የሚፈልጉት።

ከደቅ ወይም ከዘጌ የሚመጣ፦ የጉበት ምርመራውን፣ ናሙናውንና የሙሉውን ኪኒን ግዢ በአንድ ጉዞ እንዲያልቅ ሲመጡ ጧት ይምጡ፤ ካርድ ሲያወጡም ከሩቅ መምጣትዎን ይናገሩ። የሚያሳስብ ምልክት ሲኖር የሚደውሉበት ስልክ ከሐኪሙ ሳይቀበሉ አይመለሱ።

## መሥራቱን እንዴት ያውቃሉ?

የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ያህል፣ የእግር ጥፍር ግን ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ያድጋል። አውራ ጣት ሙሉ በሙሉ እስኪተካ ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጃል። ኪኒኑ በሦስት ወር ሲያልቅ ጥፍሩ ገና አስቀያሚ ነው፤ ይህ የተለመደ ነው። ተርቢናፊንና ኢትራኮናዞል ጥፍር ውስጥ ለወራት ተቀምጠው ሥራቸውን ይቀጥላሉና ሁለተኛ ዙር ለመግዛት አይቸኩሉ።

አንድ ቀላል ዘዴ አለ። ሕክምናው ሲጀመር ጤነኛው ጥፍር ከታመመው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ በሞረድ ጠርዝ ስስ መስመር ያኑሩ። መስመሩ ከጥፍሩ ጋር ወደ ፊት ይሄዳል። በየወሩ ይዩት፤ ከመስመሩ በስተኋላ የሚበቅለው ጥፍር ንጹሕ ከሆነ መድኃኒቱ እየሠራ ነው። የታመመው ቀለም መስመሩን አልፎ ወደ ኋላ ከገባ እየሠራ አይደለም፤ ወደ ሐኪም ይመለሱ።

ከዳኑት ውስጥ ጥቂት የማይባሉት እንደገና ይያዛሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከራሳቸው ጫማ ወይም ከቤተሰብ። ቤት ውስጥ እግሩ የሚላላጥ ሌላ ሰው ካለ አብሮ ይታከም። ጥፍር መቁረጫ ለየራስ ይሁን። ቦቲም ኮንጎም የሚያደርጉ ከሆነ ሁለት ጥንድ ይኑርዎትና አንዱ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ ሌላውን ያድርጉ፤ ካልሲውን በሙቅ ውኃ ይጠቡት። የጋራ ሻወር ውስጥ ነጠላ ጫማ አያውልቁ።

ፔዲኪዩር የሚሠሩ ከሆነ ሳሎኑን መሣሪያው እንዴት እንደሚጸዳ ይጠይቁ። በብዙ ሳሎን የሚታየው ሰማያዊ መብራት ያለው ሣጥን መሣሪያን አያመክንም፤ የሚያመክነው በ121 ዲግሪ እንፋሎት የሚሠራው አውቶክሌቭ ነው። ያ ከሌለ የራስዎን መቁረጫና ሞረድ በቦርሳ ይዘው ይሂዱ፤ የእንጨት ሞረድ ደግሞ የታመመ ጥፍር ከነካ በኋላ ይጣል፣ ጤነኛ ጥፍርዎ ላይ አይመለስ።